ብሎክቼይን ፕሮግራሚንግን በግል ጥረት ከመነሻው መማር፦ ለኮልፌ ቀራንዮ የመንግሥት ሠራተኞች መነሻ የሚሆን ማብራሪያ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚይዟቸው መዛግብት ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየተሸጋገሩ በመጡ ቁጥር፣ አንድ መዝገብ ከተጻፈ በኋላ ማንም ሳያውቀው እንዳይለወጥ ማድረግ ከአገልግሎት አሰጣጥ ዐበይት ጉዳዮች አንዱ ሆኗል። ብሎክቼይን በመባል የሚታወቀው ቴክኖሎጂ ለዚሁ ጉዳይ መፍትሔ ይሆናሉ ተብለው ከሚጠቀሱት መካከል ይገኛል። ቴክኖሎጂው በአብዛኛው የሚነሳው ከዲጂታል ገንዘብ ጋር ተያይዞ ቢሆንም፣ መሠረቱ የመዝገብ አያያዝ ጥበብ በመሆኑ የመንግሥት ሠራተኛው ከሚያስበው በላይ ለዕለት ሥራው የቀረበ ነው።

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ አየር ጤና፣ ቤቴል፣ ዓለም ባንክ፣ ካራቆሬ እና 18 ማዞሪያን የመሳሰሉ በርካታ ነዋሪ ያለባቸውን ሰፈሮች ያቅፋል። በክፍለ ከተማውና በወረዳዎቹ ጽሕፈት ቤቶች የነዋሪነት፣ የወሳኝ ኩነት፣ የንግድ ፈቃድና የይዞታ ጉዳዮች በየዕለቱ ይስተናገዳሉ። ይህ ጽሑፍ በእነዚህ የሥራ ዘርፎች የተሰማራና የፕሮግራሚንግ ዕውቀት ጨርሶ የሌለው ሰው ብሎክቼይንን በራሱ ጥረት ለመማር የሚከተለውን መንገድ ያብራራል።

የጉዳዩ አስፈላጊነት

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ25 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን ለቆጣቢዎች ለማስተላለፍ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም ዕጣ ማውጣቱ ይታወሳል። ይሁንና በዕጣ ማውጫው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ መስፈርቱን ያላሟሉ ሰዎች ተካተው መገኘታቸው በመረጋገጡ ዕጣው በቀናት ውስጥ ውድቅ ተደርጓል፤ ጉዳዩም በሕግ ተይዟል። ዕጣው እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም ነበር። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም ተመዝግበው ለዓመታት ሲቆጥቡ ለቆዩ ነዋሪዎች፣ በኮልፌ ያሉትን ጨምሮ፣ የመዝገብ ትክክለኛነት የቤት ባለቤት የመሆንና ያለመሆን ጥያቄ መሆኑን ይህ ክስተት በግልጽ አሳይቷል።

በእንዲህ ያለ ሥራ የቆጣቢዎች ስም ዝርዝር ከአንድ ተቋም ወደ ሌላ ተቋም ይተላለፋል። በመሆኑም መሠረታዊው ጥያቄ ላኪው የላከው ዝርዝርና ዕጣው የወጣበት ዝርዝር አንድ መሆናቸውን ሦስተኛ ወገን እንዴት ሊያረጋግጥ ይችላል የሚል ነው። ብሎክቼይንን የሚማር ሰው በመጀመሪያው ወር የሚያገኘው ዕውቀት ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

ብሎክቼይን ምንድን ነው?

ብሎክቼይን እያንዳንዱ ገጽ ከቀደመው ገጽ ጋር በስሌት የተሳሰረና ቅጂው በብዙ ወገኖች እጅ የሚገኝ መዝገብ ነው። የሒሳብ ሠራተኞች በአዲስ ገጽ ራስ ላይ ከቀደመው ገጽ የዞረውን ድምር እንደሚያሰፍሩ ሁሉ፣ በብሎክቼይንም እያንዳንዱ ብሎክ የቀደመውን ብሎክ የአሻራ ቁጥር ይዞ ይጀምራል። በመካከል ያለ አንድ ገጽ ቢነካ ከእርሱ በኋላ ያሉት ገጾች የያዙት ቁጥር አልገጥም ይላል።

ይህ የአሻራ ቁጥር ሃሽ ይባላል። ከታወቁት የሃሽ ስሌቶች አንዱ የሆነው ኤስ.ኤች.ኤ 256 የአንድ መስመር ደብዳቤም ሆነ የ1 ሺህ ገጽ ሰነድ ቢሰጠው ምንጊዜም በ64 ምልክቶች የሚጻፍ ውጤት ያወጣል። ከሰነዱ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ውጤቱ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል፤ ከውጤቱ ተነስቶ ሰነዱን መልሶ ማግኘት ግን በስሌት አይቻልም።

የመዝገቡ ቅጂ በብዙ ወገኖች እጅ መሆኑ ሁለተኛው መሠረት ነው። የአንድ ዕድር መዝገብ በጸሐፊው እጅ ብቻ ሲሆን ጸሐፊው የፈለገውን ሊሰርዝ ይችላል። ዳኛው፣ ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው እያንዳንዳቸው ቅጂ ይዘው በየስብሰባው የሚያስተያዩ ከሆነ ግን አንዱ ብቻውን የሚያደርገው ለውጥ ወዲያው ይታወቃል። ብሎክቼይን ይህንኑ አሠራር በኮምፒውተሮች መካከል የሚያከናውን ሲሆን፣ ኮምፒውተሮቹ የትኛው ቅጂ ትክክለኛ እንደሆነ የሚስማሙበት ደንብም የስምምነት ሥርዓት ይባላል።

የቴክኖሎጂው አመጣጥ

የሃሳቡ መነሻ ከገንዘብ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ስቱዋርት ሃበር እና ስኮት ስቶርኔታ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1991 ባወጡት ጥናት የዲጂታል ሰነድ የተጻፈበትን ጊዜ በሃሽ ሰንሰለት ማረጋገጥ እንደሚቻል አሳይተዋል። በዚሁ ዘዴ የተቋቋመ ድርጅት እ.ኤ.አ ከ1995 ጀምሮ የሰነዶችን ጥቅል ሃሽ በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ ያሳትም ነበር። ጋዜጣው በብዙ ሺህ ሰዎች እጅ ስለሚገባ የታተመውን ቁጥር መለወጥ የሚችል አልነበረም።

ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ሰው ወይም ቡድን የቢትኮይንን የአሠራር ሰነድ እ.ኤ.አ በጥቅምት 2008 መጨረሻ አሰራጭቶ፣ የመጀመሪያው ብሎክ በጥር 2009 ተመዝግቧል። ቪታሊክ ቡተሪን እ.ኤ.አ በ2013 ያቀረበውና በሐምሌ 2015 ሥራ የጀመረው ኢቴሪየም በበኩሉ ስማርት ኮንትራት የሚባሉ ፕሮግራሞችን በሰንሰለቱ ላይ ማስኬድ አስችሏል። ስማርት ኮንትራት ቅድመ ሁኔታው ሲሟላ በራሱ የሚፈጸም የፕሮግራም ውል ነው። በአሁኑ ወቅት ብሎክቼይን ፕሮግራሚንግ ሲባል በአብዛኛው እንዲህ ያሉ ውሎችን መጻፍ ማለት ነው።

በመንግሥት አስተዳደር ረገድ ኢስቶኒያ በምሳሌነት ትጠቀሳለች። አገሪቱ እ.ኤ.አ በ2007 ከደረሰባት የሳይበር ጥቃት በኋላ በሃሽ ላይ የተመሠረተ የማረጋገጫ ዘዴ መሞከር ጀምራ፣ ከ2012 አንስቶ በመንግሥት መዛግብት ላይ ተግባራዊ አድርጋዋለች። መዛግብቱ በየተቋማቱ እንዳሉ ሆነው አሻራቸው ብቻ በሰንሰለቱ ይያዛል።

በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥረቶች

በወቅቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር በመባል ይጠራ የነበረው መሥሪያ ቤት የካርዳኖ ብሎክቼይንን ከሚያበለጽገው አይ.ኦ.ኤች.ኬ ከተባለ ድርጅት ጋር በ2010 ዓ.ም የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሟል። ሰነዱ ቴክኖሎጂውን በግብርናው ዘርፍ መጠቀምንና የባለሙያ ሥልጠናን የሚመለከት ነበር። በዚሁ መሠረት በ2011 ዓ.ም ከኢትዮጵያና ከኡጋንዳ የተውጣጡ ከ20 በላይ ሴቶች ሃስኬል በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አዲስ አበባ ውስጥ ሠልጥነዋል። ድርጅቱ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር በመሆን በ3 ሺህ 500 ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት መረጃ በብሎክቼይን ለመያዝ የሚያስችል ዕቅድ መነደፉን ይፋ አድርጓል። ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ ለቀጣሪ መሥሪያ ቤቶች ፈተና ሆኖ በቆየበት አገር የዕቅዱ ዓላማ ለሰው ሀብት አስተዳደር ሠራተኞች ግልጽ ነው።

ከዚህ ሌላ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ትብብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ዕውቀትን፣ የዳታ ሳይንስንና የአንድሮይድ መተግበሪያ ማበልጸግን ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ለማስተማር የተቀረጸ ነው። ኢኒሼቲቩ በተለይ ለብሎክቼይን የታሰበ ባይሆንም፣ ከታች የተመለከተው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በእንዲህ ያለ መንገድ ሊገኝ ይችላል።

የትምህርቱ ቅደም ተከተል

ጀማሪዎች ከሚሳሳቱባቸው ጉዳዮች ዋነኛው መሠረቱን ሳይጥሉ በቀጥታ ወደ ስማርት ኮንትራት መግባታቸው ነው። ሥራውን ሳያቋርጥ በቀን 1 ሰዓት ያህል መመደብ የሚችል ሠራተኛ ትምህርቱን በአምስት ደረጃዎች ከፍሎ ቢይዘው ይመረጣል።

የመጀመሪያው ደረጃ አንድ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ መማር ነው። ፓይተን ለንባብ ቀላል በመሆኑ ለጀማሪ ተስማሚ ነው። ተማሪው ተለዋዋጭ፣ ዝርዝር፣ ቅድመ ሁኔታ፣ ድግግሞሽና ተግባር የሚባሉትን ጽንሰ ሃሳቦች በሚገባ ሊያውቅ ይገባል። የዚህ ደረጃ መለኪያ የ20 ሰዎችን ስምና ወርኃዊ መዋጮ የያዘ ፋይል አንብቦ ድምሩንና ያልከፈሉትን ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም ያለ ረዳት መጻፍ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ሃሽን በተግባር ማወቅ ነው። የኤስ.ኤች.ኤ 256 ስሌት ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ ሌላ ነገር መጫን አያስፈልግም። ተማሪው የአንድን ፋይል ሃሽ አውጥቶ ይመዘግባል፤ ከዚያም ከፋይሉ አንድ ፊደል ለውጦ እንደገና ያወጣና ሁለቱን ያስተያያል። ቀጥሎም እያንዳንዱ ብሎክ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ መረጃና የቀደመውን ብሎክ ሃሽ የያዘበት አነስተኛ ሰንሰለት ይሠራል። ይህ ፕሮግራም ከ50 መስመር ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ ሰንሰለቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚመረምር ተግባር ሲታከልበት የተነካውን ብሎክ ለይቶ ያሳያል።

ሦስተኛው ደረጃ ዲጂታል ፊርማ ነው። ባለቤቱ በምስጢር የሚይዘው ቁልፍና ለሁሉም የሚገለጽ ቁልፍ ጥንድ ሆነው ይፈጠራሉ። በምስጢራዊው ቁልፍ የተፈረመን ሰነድ ማንኛውም ሰው በይፋዊው ቁልፍ ሊያረጋግጥ ይችላል። ሃሽ ሰነዱ አለመለወጡን ሲያሳይ ፊርማ ደግሞ ሰነዱን ያወጣው ማን እንደሆነ ያመለክታል። ማኅተም ጠፍቶ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ የሚያስከትለው ችግር ሁሉ ምስጢራዊ ቁልፍ ሲጠፋም ስለሚደርስ፣ የቁልፍ አያያዝ በጥብቅ መጠናት አለበት።

አራተኛው ደረጃ ስማርት ኮንትራት መጻፍ ነው። በኢቴሪየም ላይ ለዚህ የሚያገለግለው ዋነኛ ቋንቋ ሶሊዲቲ ይባላል። ሬሚክስ የተባለው መሣሪያ በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ ስለሚሠራ ፕሮግራም መጫን አይጠይቅም፤ ውሉንም ያለ ምንም ገንዘብ በራሱ ውስጥ በተሰናዳ የሙከራ አካባቢ ያስኬዳል። ለመጀመሪያ ልምምድ የሚመከረው የሰነድ ሃሽ የሚመዘግብና ሌላ ሰው ሲጠይቀው መቼና በማን እንደተመዘገበ የሚመልስ አጭር ውል ነው። ከዚያም ውሉን ዋጋ የሌለው የሙከራ ገንዘብ በሚሠራበት ኔትወርክ ላይ ማውጣት ይቻላል።

አምስተኛው ደረጃ የደኅንነት ትምህርት ነው። በኢቴሪየም ላይ ተቋቁሞ የነበረው ዳኦ የተባለ የገንዘብ ማኅበር እ.ኤ.አ በሰኔ 2016 ወደ 3 ነጥብ 6 ሚሊዮን ኢተር የተወሰደበት በአንድ የአጻጻፍ ስህተት ነው። ውሉ ገንዘቡን ለጠያቂው ከላከ በኋላ ነበር ቀሪ ሒሳቡን የሚያስተካክለው፤ ጠያቂው ፕሮግራም ሒሳቡ ከመስተካከሉ በፊት ደጋግሞ በመጠየቅ ገንዘቡን ሊያወጣ ችሏል። በመዝገብ ሳያሰፍር የሚከፍል ገንዘብ ያዥ የሚደርስበት ጉድለት ዓይነት ነው። በሰንሰለት ላይ የወጣ ውል እንደ ተራ ፕሮግራም በቀላሉ ስለማይታረም፣ እንዲህ ያሉ የታወቁ ስህተቶችን አንድ በአንድ ማጥናት ግዴታ ነው።

በአማርኛ መዛግብት ላይ የሚያስፈልግ ጥንቃቄ

በውጭ ቋንቋ የተዘጋጁ የመማሪያ ጽሑፎች የማያነሱት፣ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ግን ወሳኝ የሆነ ጉዳይ የፊደል አጠቃቀም ነው። በአማርኛ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት በኮምፒውተር ዘንድ የተለያዩ ናቸው። ለአብነት ፀሐይ የሚለው ስም በፀ ወይም በጸ እንዲሁም በሐ፣ በሀ ወይም በኀ ሊጻፍ ስለሚችል ቢያንስ 6 መልክ ይኖረዋል። የእያንዳንዱ ሃሽ ከሌላው ጋር ጨርሶ አይመሳሰልም። አንዱ ጽሕፈት ቤት ዓለሙ ብሎ የመዘገበውን ሌላው አለሙ ብሎ ቢጽፈው፣ ሰውየው አንድ ሆኖ ሳለ ሥርዓቱ ማስረጃው ሐሰተኛ ነው ሊል ይችላል። መፍትሔው ስሙ በመጀመሪያ የተመዘገበበትን አጻጻፍ ሳይነኩ ጠብቆ፣ ለማነጻጸሪያ ግን ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መልክ የሚያመጣ ተግባር ማዘጋጀት ነው። ይህን ተግባር መጻፍ ለጀማሪም የሚከብድ አይደለም።

የዘመን አቆጣጠርም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። ብዙ ኮምፒውተሮችና ኢቴሪየም ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ ከጥር 1 ቀን 1970፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። በመሆኑም በሰንሰለቱ ላይ የሰከንዱን ቁጥር ብቻ መዝግቦ፣ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የመለወጡን ሥራ ለተጠቃሚው በሚታየው ገጽ ላይ ማከናወን ይገባል።

ሦስተኛው ጥንቃቄ የመታወቂያ ቁጥርን ይመለከታል። የፋይዳ መለያ ቁጥር 12 አኃዝ ያለው በመሆኑ ሊኖሩ የሚችሉት ቁጥሮች ከ1 ትሪሊዮን አይበልጡም። ይህ መጠን ለሰው ብዙ ቢመስልም ጠንካራ ኮምፒውተር ሁሉንም በአጭር ጊዜ ሞክሮ ከሃሹ ተነስቶ የሰውየውን ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ የመታወቂያ ቁጥርን ሃሽ በይፋ ሰንሰለት ላይ ማስፈር ቁጥሩን ደበቅሁ አያሰኝም።

መሣሪያና የመማሪያ ሁኔታ

ለጠቅላላው ትምህርት መካከለኛ አቅም ያለው ላፕቶፕ በቂ ነው። የሙሉ ሰንሰለቱን ቅጂ በራስ ኮምፒውተር መያዝ ለጀማሪ አያስፈልግም። የኤሌክትሪክና የኢንተርኔት መቆራረጥ ትምህርቱን እንዳያስተጓጉል የፓይተንና የሶሊዲቲ መመሪያዎችን አስቀድሞ ማውረድ ይጠቅማል። በቤታቸው ኢንተርኔት የሌላቸው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም አራት ኪሎ አካባቢ በተመረቀው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት መጠቀም ይችላሉ። የመማሪያ ጽሑፎቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ በመሆናቸው፣ ተማሪው አዳዲስ ቃላትን ከነአማርኛ ማብራሪያቸው የሚይዝበት ደብተር ቢኖረው መልካም ነው። ከሁለትና ከሦስት የሥራ ባልደረቦች ጋር በሳምንት አንድ ጊዜ ተገናኝቶ አንዱ የሌላውን ፕሮግራም ለማፍረስ መሞከርም የደኅንነት ትምህርቱን ያጠናክራል።

የሕግ ማዕቀፍ

ቴክኖሎጂውን መማርና በዲጂታል ገንዘብ መገበያየት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም ባወጣው ማሳሰቢያ በክሪፕቶከረንሲ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ከላይ የተዘረዘሩት ልምምዶች ሁሉ በሙከራ ኔትወርክ ላይ የሚከናወኑ በመሆናቸው ገንዘብ መግዛትን አይጠይቁም። ለማስተማር በሚል ሰበብ ገንዘብ እንዲያስገቡ ወይም ሌሎች ሰዎችን እንዲመለምሉ የሚጠይቁ ወገኖች ግን ትምህርት ሰጪዎች አለመሆናቸውን መገንዘብ ይገባል።

የመንግሥት ሠራተኛው ሊያውቃቸው ከሚገቡ ሕጎች መካከል የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008፣ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይገኙበታል። በተለይ የመሥሪያ ቤትን እውነተኛ መዝገብ ለልምምድ መጠቀም ፈጽሞ የማይገባ ሲሆን፣ ልምምዱ ሁልጊዜ በተፈጠሩ ስሞችና ቁጥሮች መከናወን አለበት።

የቴክኖሎጂው ወሰን

ብሎክቼይን የገባለትን መረጃ ሳይለወጥ ይጠብቃል እንጂ የገባው መረጃ እውነት መሆኑን አያረጋግጥም። ያልቆጠበ ሰው ስም ገና ከመነሻው በዝርዝሩ ውስጥ ከገባ፣ ሰንሰለቱ ሐሰቱን እንደ እውነት አጽንቶ ይይዘዋል። መረጃውን አጣርቶ የማስገባቱ ኃላፊነት ምንጊዜም የሠራተኛውና የኃላፊው ነው።

መዝገቡን የሚይዘው አንድ ተቋም ብቻ ከሆነና ሁሉም ወገን በተቋሙ ላይ እምነት ካለው፣ የተለመደው ዳታቤዝ ማን ምን እንደለወጠ ከሚመዘግብ የክትትል ሥርዓት ጋር ርካሽና ፈጣን ይሆናል። ብሎክቼይን የሚጠቅመው እርስ በርሳቸው የሚቆጣጠሩ በርካታ ወገኖች አንድ መዝገብ በጋራ ሲይዙ ነው።

ከላይ የተነሳው የቤት ዕጣ ጉዳይም ይህንኑ ያስረዳል። ቁጠባውን የያዘው ወገን የስም ዝርዝሩን ሃሽ አውጥቶ ከዕጣው ቀን በፊት በጋዜጣ ቢያሳትምና በአዳራሹ ውስጥ ዕጣው ከመውጣቱ አስቀድሞ በሥርዓቱ ውስጥ ያለው ዝርዝር ሃሽ በታዛቢዎች ፊት ቢወጣ፣ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ በመካከል ለውጥ መደረጉ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። ለዚህ ሙሉ ብሎክቼይን እንኳ አያስፈልግም፤ በሁለተኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ተማሪ የሚጽፋቸው ጥቂት የፓይተን መስመሮች ይበቃሉ። በኮልፌም ሆነ በሌላ ክፍለ ከተማ የሚሠራ ባለሙያ ከዚህ ትምህርት የሚያገኘው ጠቃሚ ዕውቀት፣ ለተያዘው ችግር ትልቁ ሥርዓት የሚያስፈልግበትን ጊዜና ትንሹ የሚበቃበትን ጊዜ ለይቶ ለኃላፊው ማስረዳት መቻሉ ነው።